በውርጭ አገር ዓሣ ያኖሩት ጋሼ ሸዋንግዛው

ደብረ ብርሃን መናኸሪያ አጠገብ ካለ ሱቅ ሳሙና ስገዛ ከኋላዬ «ሲስተር» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ዞር ስል ታደለ ነው፤ ከመሐል ሜዳ ሸዋ ሮቢት አይሱዙ የሚነዳው ታደለ። ፀጉሩ ገብስማ ሆኗል። ስለ ልጆቹ ጠየቅሁት፤ እሱም ስለ ሥራዬ ጠየቀኝ። ከዚያ መሬት መሬት እያየ፣ «ጋሼ ሸዋንግዛውን ቀበርናቸው እኮ፤ አልሰማሽም መሰል» አለኝ።

አልሰማሁም ነበር። ሕመማቸው ብዙ እንዳልቆየ፣ ከባለቤታቸው ጎን እንደተቀበሩ ነገረኝ። መኪናው እየተጫነ ስለነበር ተሰናብቶኝ ሄደ። እኔም የከፈልኩበትን ሳሙና እዚያው ሱቁ ላይ ትቼ ቤቴ ገባሁ።

በሥራዬ ብዙ በሽተኛ፣ ብዙ አስታማሚም አይቻለሁ። አንዳንዱ ይሰለቻል፣ አንዳንዱ ተስፋ ይቆርጣል፣ አንዳንዱ እያለቀሰ ያስታምማል። እንደ ጋሼ ሸዋንግዛው ያለ ግን አልገጠመኝም።

መሐል ሜዳ ጤና ጣቢያ በነርስነት ስመደብ ገና ከትምህርት ቤት መውጣቴ ነበር። ጊዜው የአንድ ለአምስት ስብሰባ የማያልቅበት፣ ከተማዋም ቀንና ሌሊት መብራት ማግኘት የለመደችበት ነው። ከጤና ጣቢያው ሳይርቅ፣ ከአንድ የድንጋይ ቤት ጓሮ አንዲት ክፍል ተከራየሁ። ባለቤቶቹ ጋሼ ሸዋንግዛውና እትዬ አሰለፈች ልጅ ያልወለዱ ባልና ሚስት ነበሩ። ዕቃዬን አስገብቼ ሳልጨርስ ጋሼ መጡና «እስቲ ነይ፣ ከቤተ ሰቡ ጋር ላስተዋውቅሽ» አሉኝ።

ቤተ ሰብ ያሉት ዓሦቹን ነበር። ዋናው ክፍል ውስጥ፣ ግድግዳውን ተጠግቶ፣ አልጋ የሚያህል የመስታወት ገንዳ ቆሟል። ውጪ ሰው ጋቢ ደርቦ እየተንቀጠቀጠ፣ እዚያ ውስጥ ጫማ ጫማ የሚያህሉ ዓሦች በሞቀ ውሃ ወዲያ ወዲህ ይላሉ። ከሩቅ የሞቃት አገር ወንዞች የመጡ ዘሮች ናቸው። የፈረንጅ ስማቸውን ጋሼ ያውቁታል፤ ቤት ውስጥ የሚጠሩት ግን እትዬ አሰለፈች ባወጡላቸው ስም ነው። ጥቁር ሆኖ ጎኑ ላይ ብርቱካናማ ነበልባል ያለበት፣ ሌላውን ሁሉ የሚያሳድደው ጉልቤ ባላምባራስ ይባላል። ክብ፣ ጠፍጣፋና ብርማ የሆነው ሰፌዶ ነው። መስታወቱ ላይ በአፉ ተለጥፎ የሚውለው ቅርፊታም ልጥፌ ነው። ከታች ከጥጉ የማይወጣው፣ አምባዛ የሚመስለው ባለ ረጅም ጢም ደግሞ ጢሞ።

ጋሼ አዲስ አበባ አንድ ሆቴል ውስጥ ሲሠሩ ኖረው ነው ጡረታ የወጡት። የእንግዳ መቀበያ አዳራሹና እዚያ የነበረው የዓሣ ገንዳ የእሳቸው ኃላፊነት ነበር። ሆቴሉ ለሌላ ሰው ተሸጦ አዳራሹ ሊፈርስ ሲል አዲሱ ባለቤት ገንዳውን ጨምሮ ሁሉንም አውጥታችሁ ጣሉ አለ። ጋሼም ዓሦቹን በበርሜል፣ መስታወቱን በፍራሽ ጠቅልለው ወደ ሚስታቸው አገር ወደ መንዝ ይዘው መጡ። «እኔም እነሱም አንድ ሳምንት ነው በቃችሁ የተባልነው» ይሉ ነበር፣ እየሳቁ።

ረጅም ናቸው፤ ትከሻቸው ትንሽ ጎበጥ ያለ። የቀኝ እጃቸው እጅጌ ሁልጊዜ እርጥብ ነው፤ ባለፉ ባገደሙ ቁጥር ክንዳቸውን እስከ ክርናቸው ገንዳው ውስጥ ነክረው ሙቀቱን ይለካሉ። ምንም ነገር ሲጠየቁ መልሳቸው «እስቲ እንየው» ነው። አያለሁ ካሉ ደግሞ ያዩታል። ባላምባራስ ሰፌዶን ነክሶ ካስጨነቀው፣ ለመቆጣት አይቸኩሉም። ወንበራቸውን አምጥተው ተቀምጠው ለረጅም ጊዜ ያያሉ። ከዚያ ውስጥ ያሉትን ድንጋዮች ሁሉ አውጥተው በሌላ ቦታ ይደረድሯቸዋል። ዓሦቹ ቦታቸው ጠፍቷቸው ግራ ሲጋቡ፣ «አሁን ሁሉም እንግዳ ሆነ፤ ማንም ቤቴ ነው አይልም» ይላሉ። እውነትም ለጥቂት ጊዜ ሰላም ይወርዳል።

እትዬ አሰለፈች በእነዚህ ዓሦች መጀመሪያ ተቆጥተው ነበር አሉ። ኋላ ግን የሚያበሏቸው እሳቸው ሆኑ። በረቡዕና በዓርብ ሥጋ ወደዚህ ቤት አይገባም ብለው በመከልከላቸው፣ ባላምባራስ በጾም ቀን የተቀቀለ አተር ነበር የሚበላው። ጎረቤቱ ይህን እየሰማ ይስቃል። አንዳንዱም ለፍልሰታ ለምን አይጠበሱም ይላል። ሌላው ደግሞ ዓሣም ቢሆን በጾም አይበላም ብሎ ይከራከራል። በዚያ ቤት ብዙ ሳቅ ነበር።

በሁለተኛው ዓመቴ እትዬ አሰለፈች ልብስ ሲያሰጡ ወደቁ። ስትሮክ ነው። ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ተኝተው ሲመለሱ ቀኝ ጎናቸው አይታዘዝም፤ አንደበታቸውም ተይዟል። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ምግብ እምቢ አሉ። ጋሼ በማንኪያ አጥሚት ይዘው አልጋው ጫፍ ላይ ይቀመጣሉ፤ እትዬ ከንፈራቸውን ይገጥማሉ። ሰውነታቸው ሲያልቅ በዓይኔ አየሁ። እንደ ነርስ ያወቅሁትን ሁሉ አደረግሁ፤ አልሆነም።

አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ጋሼ አልጋውን ጎትተው ከገንዳው ፊት ለፊት አድርገውታል። ሚስታቸውን በትራስ ደግፈው አስቀምጠው፣ በእትዬ ግራ እጅ መዳፍ ላይ አተር አድርገው፣ አንጓቸውን ይዘው ወደ ውሃው እያሻገሩ ነው። አተሩ መሬት ወደቀ። ሌላ አደረጉ፤ ወደቀ። ሦስተኛው ውሃው ላይ ጠብ ሲል ባላምባራስ ከታች ተወርውሮ ወጥቶ ዋጠው፤ ፊታችን ላይ ውሃ ረጨ። እትዬ አሰለፈች ከአፋቸው ግራ ጥግ ፈገግ አሉ። ጋሼ ማንኪያውን ሲያቀርቡላቸው አፋቸውን ከፈቱ።

ከዚያ ወዲያ የቤቱ ሥርዓት ይኸው ሆነ። መጀመሪያ ዓሦቹ ይበላሉ፣ ቀጥሎ እትዬ፣ መጨረሻ ጋሼ። ዓሦቹ ሳይበሉ እትዬ አይቀምሱም። ግራ እጃቸው እየጠና መጣ፤ ፊታቸው ላይ ሥጋ ተመለሰ። እኔም ልባቸው የተንጠለጠለው በዚያ መስታወት ላይ መሆኑን አውቅ ነበር፤ ጋሼም ያውቁ ነበር።

በታኅሣሥ፣ ጠዋት ጠዋት ሣሩ በአመዳይ ነጭ በሚሆንበት ጊዜ፣ የከተማዋ ትራንስፎርመር ተቃጠለ። መለዋወጫው እስኪመጣ ጠብቁ ተባለ። ለሌላው ሰው ይህ ማለት ኩራዝና ሻማ ነው። ለጋሼ ሸዋንግዛው ግን የውሃው ማሞቂያና የአየር መንፊያው መቆም ነው። ገንዳውን ዙሪያውን በባና ጠቀለሉት፤ መንዝ የሚሠራውን ወፍራሙን የሱፍ ብርድ ልብስ፣ በቤቱ ያለውን ሁሉ፤ ለሚስታቸው ማያ ብቻ አንድ መስኮት ተዉ። ጓሮ ላይ ጉልቻ ጎልተው ውሃ ያፈላሉ፤ እየተሸከሙ አምጥተው ያፈሳሉ፤ ክንዳቸውን ነክረው ይለካሉ። አየሩን ደግሞ በጆግ ውሃ እየቀዱ፣ ከፍ አድርገው መልሰው በማፍሰስ ነበር የሚሰጧቸው። እኔ ከሥራ መልስ እተካቸዋለሁ። እንቅልፍ የሚባል ነገር ዓይናቸው ላይ አልነበረም።

ጄኔሬተር ያለው አንድ ነጋዴ ነበር፤ ለምነው አስመጡት። ማሞቂያውን ሲሰኩበት ትንሽ ሠርቶ ጨሰና ቆመ። ማገዶው አለቀ። ኩበት መግዛት ጀመሩ፤ በዚያ ብርድ ወራት ኩበት ለሁሉም ቤት ነው የሚፈለገው። ጎረቤቱ ማጉረምረም ጀመረ።

በዚህ መካከል የንስሐ አባታቸው ቄስ አምዴ መጡ። መስቀላቸውን አሳልመው ተቀመጡና ረጋ ብለው ተናገሩ።

«ሰው ያወራል፣ ሸዋንግዛው። በብርድ የሚያድር ድኻ አጠገቡ እያለ ለዓሣ ውሃ ያፈላል ይሉሃል። እኔም መልስ አጣሁላቸው።»

ጋሼ ጆጉን አስቀመጡ። እጃቸው በእሳትና በውሃ ብዛት ተልጦ ነበር።

«ለዓሣ አይደለም፣ አባ» አሉ፤ ወደ አልጋው እያዩ። «እነሱ ካልበሉ አትበላም። እኔ የማሞቀው እሷን ነው።»

ቄስ አምዴ እትዬ አሰለፈችን አዩ፤ ገንዳውን አዩ። ተነሥተው ወጡ። በማግሥቱ የቄሱ ባለቤት አንድ ጆንያ ኩበት አሸክመው ላኩ። ያ ጆንያ ግን ምን ያህል ይቆያል!

መጀመሪያ የሞተው ሰፌዶ ነው። ጠዋት ስገባ በጎኑ ተንሳፎ ነበር፤ ያ የሚያበራ ገላው አመድ መስሏል። ጋሼ በሁለት እጃቸው አንሥተው አወጡት። እትዬ አሰለፈች በተተወችላቸው መስኮት እያዩ ነበር። «ሰፌዶ ሞተ፣ አሰለፈች» አሏቸው፤ ሌላ ነገር አልጨመሩም። እትዬ ዓይናቸውን ጨፈኑ። የዚያን ዕለት አልበሉም፤ በማግሥቱም አልበሉም። የቀሩት ዓሦች ደግሞ በብርድ ፈዘው ከወለሉ አይነሡም፤ አተሩ እላያቸው ላይ ቢወርድም አፋቸውን አይከፍቱም።

ጋሼ ወደ ክፍሌ መጥተው በሩ ላይ ቆሙ። ሸዋ ሮቢት፣ ቆላው ውስጥ፣ የቀድሞ የሥራ ባልደረባቸው፣ የሆቴሉ ምግብ አብሳይ የነበረው ደምሴ፣ የፓፓያና የብርቱካን አትክልት ቦታ አለው። የሲሚንቶ የውሃ ማጠራቀሚያም አለው። ዓሦቹንም ሚስታቸውንም እዚያ ሊያወርዱ ቆርጠዋል። መንገዱ እትዬን ሊገድላቸው እንደሚችል ነገርኳቸው። ጣርማበርን ተሻግሮ፣ በዚያ ጭጋግ፣ በዚያ ኮረኮንች መንገድ። አዳመጡኝና አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ።

«እዚህ ብትቆይስ ትተርፋለች?»

ነርስ ነኝ፤ መልሱን አውቃለሁ። «እንግዲያው ተነሺ» አሉኝ።

ታደለ ነው የወሰደን። ፀሐይ ሞቅ ስትል ሁለት ሰማያዊ በርሜሎች አይሱዙው ላይ ጫንን፤ የፈላ ውሃ ጨምረን፣ ዓሦቹን ከፍለን አስገብተን፣ ባናውን ሁሉ በርሜሎቹ ላይ ጠመጠምን። እትዬ አሰለፈች ጋቢና ውስጥ በእኔና በታደለ መካከል ተቀመጡ። ጋሼ ከኋላ ከበርሜሎቹ ጋር ናቸው፤ ካፖርታቸውን ሳይቀር አውልቀው አንደኛው በርሜል ላይ አስረዋል። እያንዳንዱ ጉድጓድ ላይ ውሃው ሲንቦጫረቅ ጋቢና ድረስ ይሰማል፤ እትዬም በሰሙት ቁጥር አንገታቸውን ወደ ኋላ ሊያዞሩ ይሞክራሉ።

ሞላሌ ስንደርስ ጋሼ ወርደው ከሻይ ቤት ሻይ ቤት ዞሩ። የፈላ ውሃ ለመኑ። ለምን እንደሆነ ሲናገሩ አንዷ ባለ ሻይ ቤት ሳቀች፤ ጋቢና ውስጥ ያሉትን እትዬን ካየች በኋላ ግን ጀበናዋንም ማንቆርቆሪያዋንም ይዛ መጣች፤ ሌሎቹም ተከተሏት። ባላምባራስ በሙቀቱ ነቃ ብሎ በርሜሉን በጅራቱ መታው። ጋሼ ወደ ጋቢናው መስኮት መጥተው «ይኸውልሽ፣ ሰማሽው?» አሏቸው። የዚያን ጊዜ የምንደርስ መሰለኝ።

ወደ ጣርማበር ስንቃረብ ጭጋጉ ወረደ። ጭድ የጫነ መኪና የጎማው ዘንግ ተሰብሮ መንገዱን በአግድም ዘግቶታል። አንዱ ጎን ገደል፣ አንዱ ጎን ዳገት፤ ማለፊያ የለም። መኪና ከኋላችን ተደረደረ። ነፋሱ ጋቢናው ውስጥ እንኳን አጥንት ይሰብራል። ሰዓቱ ሄደ፤ ጋሼ ክንዳቸውን ይነክራሉ፤ ያወጣሉ። በመጨረሻ ታደለ ራሱ ሐሳብ አመጣ። ከራዲያተሩ የጋለውን ውሃ በላስቲክ ጠርሙስ ቀድቶ፣ ክዳኑን አጥብቆ፣ በርሜሎቹ ውስጥ አሰጠመው፤ ራዲያተሩን በጀሪካን በያዘው ውሃ መልሶ ሞላ። ደጋግሞ አደረገው። የጀሪካኑ ውሃ ሲያልቅ «ከዚህ በላይ ሞተሩ ነክሶ ይቆምብኛል፣ ጋሼ» አለ፤ ከድምፁ የሚለምነው እሱ ይመስል ነበር።

በዚያን ጊዜ ነው የእትዬ አሰለፈች ከንፈር መጥቆሩን ያየሁት። እጃቸው በረዶ ነው። የለበሱት ጋቢም የእኔ ሹራብም አልበቃቸውም። በሩን ከፍቼ ወደ ላይ ጮህኩ፤ እትዬ እየቀዘቀዙ መሆኑን ነገርኳቸው። ጋሼ በሸሚዝና በስስ ኮት ብቻ፣ ጆግ በእጃቸው ይዘው ቀጥ ብለው ቆሙ። ያለን ባና ሁሉ በርሜሎቹ ላይ ነው። በርሜሎቹን አዩ፤ እኔን አዩ። ከዚያ ጎንበስ ብለው ገመዱን መፍታት ጀመሩ።

ባናውን ይዘው ወርደው ሚስታቸውን ሲጠቀልሉ፣ እትዬ በግራ እጃቸው ገፈፉት። እንደገና አለበሷቸው፤ እንደገና ገፈፉት። ያ ባላቸው በአተር ያሠለጠኑት እጅ ወደ ኋላ፣ ወደ በርሜሎቹ ይጠቁማል። ከጉሮሯቸው የሚወጣው ድምፅ ቃል አይደለም፤ ግን ገብቶናል። ጋሼ ያንን እጅ በሁለት እጃቸው ያዙት።

«አሰለፈች፣ በቃ» አሉ። «እነሱን ያመጣኋቸው ለአንቺ ነው። አንቺን ለእነሱ አላመጣሁም።»

እትዬ ለረጅም ጊዜ አዩዋቸው። ከዚያ እጃቸው ላላ። ጋሼ ባናውን እስከ አገጫቸው ድረስ ጠቀለሉላቸው፤ በሩን ዘግተው ተመልሰው ላይ ወጡ። በኋላ ማያ መስታወቱ ስመለከት፣ በርሜሉን በሁለት ክንዳቸው አቅፈው፣ ደረታቸውን ለጥፈውበት ተቀምጠዋል።

መንገዱ ተከፍቶ ቁልቁለቱን ስንወርድ አየሩ ሞቀ፤ ለዓሦቹ ግን አልደረሰላቸውም። ሸዋ ሮቢት ፀሐይ ስትጠልቅ ገባን። ደምሴ በር ላይ ቆሞ ይጠብቀናል። በርሜሎቹ ሲከፈቱ ባላምባራስም፣ ልጥፌም፣ ሌሎቹም ተንሳፈዋል። ትንፋሽ የቀረው አንድ ብቻ ነው፤ ጢሞ፣ ያ ከጥጉ የማይወጣው፣ ማንም ብዙ የማያየው። ጋሼ አቅፈው ወስደው ማጠራቀሚያው ውስጥ ለቀቁት። ውሃው ድፍርስ ነው፤ እንደ ድንጋይ ሰጠመና ጠፋ።

እትዬ አሰለፈች ሁሉንም አዩ። ጋሼ በማግሥቱ ጠዋት ወንበር ማጠራቀሚያው ጫፍ ላይ አስቀምጠው፣ ሚስታቸውን ተሸክመው አመጡ። በግራ እጃቸው ዳቦ አስያዟቸው። እትዬ ፈርፍረው ወረወሩ። ፍርፋሪው ተንሳፎ ቆየ፤ ከዛፎቹ ጥላ ሥር ገባና ከዓይን ተሰወረ። እትዬ ወደ ባላቸው ዞር አሉ፤ እየጠየቁ። «በላ» አሏቸው ጋሼ። እትዬ አፋቸውን ከፈቱ።

እኔ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። ለትንሣኤ ልጠይቃቸው ስወርድ እዚያው ነበሩ። ሙቀቱ ለእትዬ ተስማምቷቸው ፊታቸው ወዝ አውጥቷል። ጋሼ ግን ከስተዋል። ወደ ፓፓያዎቹ መካከል ይዘውኝ ገቡና ቀስ ብለው ነገሩኝ።

«ከዚያ ቀን ወዲህ አላየሁትም፣ ሲስተር። ዳቦው ይጠፋል፤ እንቁራሪት ይብላው ወፍ ይብላው አላውቅም። እኔ ግን በየቀኑ በላ እላታለሁ። በትዳራችን እንዲህ አድርጌያት አላውቅም።»

ደምሴ ውሃውን አፍስሰን እንይ ብሏቸው ነበር፤ እምቢ ብለዋል። «ባዶ ቢሆንስ? ነገ ጠዋት ምን ብዬ አፏን አስከፍታለሁ?» አሉኝ።

እትዬ አሰለፈች የሚቀጥለውን ክረምት አላለፉም፤ በእንቅልፋቸው ሄዱ። መንዝ ተወስደው በተወለዱበት ደብር ተቀበሩ። ጋሼ በቀብሩ ላይ አላለቀሱም። ሰው በዚህ ብዙ አወራ። አርባቸው ካለፈ በኋላ ዕቃቸውን ከደምሴ ቤት ለማምጣት ሲሄዱ አብሬያቸው እንድወርድ ጠየቁኝ።

ደምሴ ዛፎቹ ሊደርቁበት ነው፤ ማጠራቀሚያው በደለል ተሞልቶ ውሃ አይዝም። እሳቸውን ጠብቆ ነው እንጂ ቀደም ብሎ መጠረግ ነበረበት። እያፈረ ጠየቃቸው። ጋሼ ጫፉ ላይ ተቀምጠው ብዙ ጊዜ ውሃውን ሲያዩ ቆዩና «አፍስሰው» አሉት።

ውሃው ቀስ እያለ ወረደ። ቅጠል፣ ጭቃ፣ የሚዘሉ እንቁራሪቶች። ደምሴ ወደ እኔ አይቶ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ በሩቁ ጥግ፣ በመጨረሻው ኩሬ ውስጥ፣ ጭቃው ራሱ የተነሣ መሰለኝ። ጢሞ ነው። ከክንድ ይረዝማል፤ ጀርባው ሰፍቷል፤ ሁለት ረጃጅም ጢሞቹ ጭቃውን ይዳስሳሉ።

ጋሼ ሸዋንግዛው ጫማቸውን ሳያወልቁ ወረዱ። ጭቃው እስከ ጉልበታቸው ዋጣቸው። ተንበርክከው፣ የቀረችውን ውሃ በእፍኛቸው እየቀዱ ጀርባው ላይ ማፍሰስ ጀመሩ።

«ለካ አልዋሸኋትም» አሉ። «ለካ አልዋሸኋትም፣ ሲስተር።»

ከዚያ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አለቀሱ። ደምሴ ሮጦ ሄዶ ውሃውን መልሶ ወደ ማጠራቀሚያው ለቀቀው፤ ውሃው ሞልቶ ወገባቸው ጋ እስኪደርስ ድረስ ከዚያ ልናወጣቸው አልቻልንም።